ጽዋው ሲያልፍህ ዝም አትበል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ዛሬ ሦስት ደብዳቤዎች ይዣለሁ፤ ሦስቱም ከጎጃም ናቸው። የጸሐፊዎቹን ስምና ቀበሌ አላወጣሁም፣ እነሱም የፈለጉት እንዲያ ነው። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፣ መልሱም እንደዚያው።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም አካባቢ

ጤና ይስጥልኝ። የ36 ዓመት ሰው ነኝ። ገበሬ ነኝ፣ ወይም ነበርኩ። ካቻምና በክረምት ከገበያ ስንመለስ የተሳፈርንበት አይሱዙ ተገልብጦ ግራ እግሬ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ነፍሴ በመትረፏ አምላኬን አመሰግናለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገርዎት። መሬቴን ለእኩል ሰጠሁ። ውኃውም፣ እንጨቱም፣ ገበያውም ሚስቴ ላይ ወደቀ። እድሩ ተሰብስቦ «አንተ አትቸገር፣ ከቀብርም ከመዋጮም ነፃ አድርገንሃል» አለኝ። የሚካኤል ማኅበራችንም እንደዚያው። ተራዬ ሲደርስ «ለእሱ እኛ እናወጣለታለን» ተባባሉና ጽዋው ዘሎኝ ሄደ። ክፋት አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

የተቆረጠው እግሬ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ጣቱን ያሳክከኛል፣ ሲብስበትም ያቃጥለኛል። የሌለ እግር እንዴት ያማል? አበደ እንዳልባል ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም። «ኑሮ ካሉት መቃብር ይሞቃል» ይላሉ፤ የእኔ ግን አልሞቀልኝም። አንዳንድ ሌሊት ባልነቃ እላለሁ። ሚስቴ ገና ወጣት ናት፣ ልፍታትና ሕይወቷን ትኑር ወይ እያልኩም አስባለሁ። በዚህ ሁኔታ እንደ ሰው ሙሉ ሆኖ መኖር ይቻላል? እውነቱን ይንገሩኝ።

መልስ

ወንድሜ፣ ይቻላል። እንዴት እንደሚቻል ከመናገሬ በፊት ግን «ባልነቃ እላለሁ» ያልከውን ላንሳ። ይህን ሐሳብ ብቻህን አትያዘው። ዛሬ ማታ ለአንድ ሰው ንገር፤ ለሚስትህ፣ ለንስሐ አባትህ ወይም ለምታምነው ጓደኛ። ሐሳቡ በየሌሊቱ የሚመላለስ ከሆነ ወይም «እንዴት ላድርገው» ወደሚል ከተሻገረ አትዋል አትደር፣ ሆስፒታል ሂድ። ድብርት በሽታ ነው። መድኃኒት አለው፣ ምክርም አለው። እግሩን ባጣ ሰው ላይ ቢመጣ የእምነት ማነስ ተደርጎ አይቆጠርም፣ የወንድነት ማነስም አይደለም።

የሌለው እግርህ ማሳከኩ ደግሞ እብደት አይደለም። መንፈስም አይደለም። እጅ ወይም እግር ከተቆረጠባቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሚሰማቸው ነገር ነው፣ ሐኪሞችም ካወቁት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። እግሩ ሄዷል፣ አንጎልህ ውስጥ ግን የእግሩ ቦታ እንዳለ ነው። የተቆረጡት ነርቮችም መልእክት መላክ አላቆሙም። መልእክቱ ሲደርስ አንጎል «ጣቴ ነው» ብሎ ይረዳዋል። ስለዚህ የሚያምህ የእውነት ነው፣ ማንም «ይመስልሃል» ሊልህ አይገባም። ከተቆረጠው እግርህ የተረፈውን ክፍል በእጅህ እያሸህ፣ በሚለጠጥ ፋሻ እያሰርክ ማስለመድ ለብዙዎች ይረዳል። ተራ ማስታገሻ ብዙ ጊዜ አይሠራለትም፤ ለነርቭ ሕመም የሚታዘዝ ሌላ መድኃኒት አለ፣ ሐኪምህን በዚሁ ስም ጠይቀው።

የመስታወት ዘዴም አለ። ተቀምጠህ በሁለቱ እግሮችህ መካከል ረዘም ያለ መስታወት ታቆማለህ፣ ፊቱ ወደ ጤነኛው እግር ይሆናል፣ ከዚያ መስታወቱን እያየህ ጤነኛውን እግር ቀስ ብለህ ታንቀሳቅሳለህ። ዓይንህ ሁለት እግር ያያል። በየቀኑ ለሩብ ሰዓት ያህል ለሳምንታት ሲያደርጉት የቀለላቸው አሉ። ለሁሉም ግን አይሠራም። ለሚስትህም ንገራት። ሌሊት ስትገላበጥ እያየች ምን እንደሆንክ ሳታውቅ ነው የምታድረው።

አሁን ወደ ማኅበሩና ወደ እድሩ ልምጣ። ደብዳቤህን ደግሜ ደጋግሜ ያነበብኩት እዚህ ላይ ነው። እግርህ ስለመቆረጡ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፍክ፣ ያለቀስከው ጽዋው ሲዘልህ ነው። ልክ ነህ። እኛ አገር ሰው ከሰው የሚቆጠረው በመስጠትና በመቀበል ነው። ዛሬ ለእኔ በወንፈል ታርሳለህ፣ ነገ እኔ ላንተ አጭዳለሁ። አንተ ለአባቴ ለቅሶ ትመጣለህ፣ እኔ ለልጅህ ሠርግ እመጣለሁ። «አንተ አትቸገር» የተባለ ሰው የሚሰጠው ነገር ይቀራል፣ ከዚያ የሚጠየቀው ምክር ይቀራል፣ ከዚያ ስብሰባ ሲኖር የሚላክበት ልጅ ይቀራል። በክፋት አይደለም፣ በማዘን ነው። ማዘኑ ነው ሰውን ቀስ እያለ ከሰው ተራ የሚያወጣው። የአካል ጉዳት ያለባቸው ብዙ ሰዎች ቤት የቀሩት በእግራቸው ምክንያት ሳይሆን እንዲህ ባለ ደግነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ተራህን አስመልስ። ቀድመህ የማኅበሩን ሙሴ ለብቻው አነጋግረው፣ ሰው ፊት ድንገት ሲመጣበት ይደነግጣል። ከዚያ በሚመጣው 12 ማኅበሩ ላይ ተገኝና «ያወጣችሁልኝን እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከእንግዲህ ግን ጽዋው ቤቴ ይግባ» በል። ጠላው ቢቀጥን፣ ዳቦውም ቢያንስ ያንተ ነው። «አይሆንም፣ አትቸገር» ይሉሃል። ደግመህ ጠይቅ። እድሩ ዘንድም ሂድና መዋጮህን ቁጭ አድርገህ ክፈል። ጉድጓድ መቆፈሩን ለሌላው ተውለት። ስም ዝርዝር መያዝ አለ፣ ገንዘብ መሰብሰብ አለ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንግዳ መቀበል አለ። ለእነዚህ ሁሉ ፈቃደኛ ሰው ሲጠፋ አይተህ ታውቃለህ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ተራህን በሚስትህ ጀርባ ላይ እንዳታስመልስ። ጽዋው ቤት ሲገባ ጠላውን የሚጠምቀው ማነው? ዳቦውን የሚጋግረው ማነው? አሁን በያዘችው ላይ ሌላ ሸክም ልትጭንባት ነው። መጀመሪያ እሷን አማክራት፣ ከዚያ ከሥራው ድርሻህን ውሰድ። ጌሾ ተቀምጦ ይወቀጣል። ብቅል ተቀምጦ ይለቀማል። ሽንኩርትም ተቀምጦ ይከተፋል። ወንድ ጌሾ ወቀጠ ብሎ የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ አንተ ቤትህን ነው የምትይዘው።

ስለ ፍቺ የጻፍከውን ያየሁት በዚሁ ዓይን ነው። ሕይወቷን ትኑር ብለህ ስታስብ ለእሷ አዝነህ ነው፣ ግን አልጠየቅካትም። እድሩ ሳይጠይቅህ ነፃ ሲያወጣህ ምን እንደተሰማህ ታውቃለህ። እሷንም ሳትጠይቅ ነፃ አታውጣት። ምን እንደከበዳት ጠይቃት፣ ሳታቋርጥ ስማት። ምናልባት የከበዳት ውኃው ሳይሆን ዝምታህ ይሆናል። አልጋውንም አትርሳ፤ ከአደጋው በኋላ ባልና ሚስት በአፍረት ተራርቀው የሚቀሩበት ቤት ብዙ ነው፣ ማንም ስለማያወራው እንጂ።

ስለ እግሩ፦ ሰው ሠራሽ እግር ስለማድረግህ ምንም አልጻፍክም፣ ስለዚህ የለህም ብዬ ልነሳ። ጉልበትህ መትረፉ ትልቅ ነገር ነው። ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው ሰው ሠራሽ እግር አድርጎ መራመድን የሚለምደው ከጉልበት በላይ ከተቆረጠው ይልቅ በቀላሉ ነው። ባሕር ዳር ላይ ይህን የሚሠራ የአካል ድጋፍ ማዕከል አለ፣ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደግፈው የኖረ ነው። ከታከምክበት ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ይዘህ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑንም ጠይቀህ ሂድ። ለአንድ ቀን ብለህ ግን አትሂድ። ልክ ይለካል፣ ይሠራል፣ ይሞከራል፣ መራመድ ትለማመዳለህ፤ ይህ ሁሉ ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ የምታርፍበት ዘመድ ወይም ቤት ካሁኑ አስብ።

እስከዚያ ድረስ ከጉልበትህ ሥር ትራስ አድርገህ አትተኛ፣ ጉልበቱ እንደታጠፈ ይደርቅና በኋላ እግሩን ለማድረግ ያስቸግራል። በየቀኑ ጥቂት በሆድህ ተኛ፣ ጉልበትህንም ዘርጋ። የተረፈውን እግር በየማታው በሳሙና እጠበው፣ አድርቀው፣ በመስታወት ከሥር እየው፤ ቀይ ቦታ ወይም ቁስል ካለ ቶሎ ጤና ጣቢያ። የተሠራልህ እግር ከወራት በኋላ ሊሰፋህ ይችላል፣ ምክንያቱም የተረፈው እግር እየከሳ ይሄዳል። ይህ ሲሆን ተበላሸ ብለህ ጥግ አታስቀምጠው። ካልሲ ይደረብበታል፣ ካልሆነም ተመልሰህ ታስተካክለዋለህ። ክራንችህንም ተመልከት። ከሥሩ ያለው ጎማ ካለቀ በክረምት ጭቃ ይጥልሃል፣ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስደህ ከመኪና ጎማ አስቆርጠህ ቀይረው።

መሬትህን ለእኩል መስጠትህ ገበሬነትህን አልወሰደውም። ምን ይዘራ፣ ምርጥ ዘሩ የቱ ይሁን፣ ማዳበሪያው መቼ ይግባ የሚለውን አንተ ወስን። ፈረስም በቅሎም ተበድረህ ቢሆን ማሳህ ድረስ ሂድ። ጤፉ ሲወቃ አውድማው ላይ ተገኝ፣ በቆሎው ሲፈለፈልም እንደዚያው፣ ክፍፍሉ አንተ ባለህበት ይሁን። ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉና የወረዳው መሬት አስተዳደር ዘንድ ይመዝገብ፤ የይዞታ ደብተሩ የጋራችሁ ከሆነ ሚስትህም ትፈርም። እናንተ አገር በርበሬ ይበቅላል። የበርበሬ ችግኝ ማፍላት በአጭር በርጩማ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው፣ ጥሩ ችግኝ ያለው ሰውም ገዢ አያጣም። ሙክት ማድለብም አለ። የቅጥር ሥራ ከፈለግክ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለልህ፦ አሠሪ በአካል ጉዳትህ ምክንያት ብቻ ሊከለክልህ አይችልም፣ የሥራ ቦታውንም እንዲመችህ ማስተካከል ግዴታው ነው። አዋጁን የማያውቅ አሠሪ ብዙ ስለሆነ ቁጥሩን ጽፈህ ያዝ።

ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ ፓራሊምፒክ በ1500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ስታመጣ ሁላችንም ኮርተናል፣ እኔም አልቅሻለሁ። ግን አካል ጉዳት ያለበት ሰው ሁሉ ሜዳሊያ ካላመጣ ሙሉ ሕይወት አልኖረም የሚል ነገር አልወድም። አንተ የጠየቅከኝ ስለ ሜዳሊያ አይደለም። ማኅበር ላይ ስለመቀመጥ፣ ማሳ ላይ ስለመቆም፣ ከሚስትህ ጋር ስለማውራት ነው። ይህ ሁሉ ይቻላል። ባሕር ዳር ደርሰህ ስትመለስ ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ ከማቻከል

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እግሮቼ ካበጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ቀኙ ይብሳል። እናቴና አጎቴም አለባቸው። ሰው «በዘራቸው ነው» ይላል። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ወንበር ቀየረች፣ ሽታ አለው ብላ። ከዚያ በኋላ አልሄድኩም። ጠበል ተጠምቄያለሁ፣ በእርግጥ ጥቂት ቀሎኝ ነበር። ይድናል? ይተላለፋል? የሚያገባኝስ ይኖራል?

መልስ

እኅቴ፣ ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን መጀመሪያ ያዢ፣ ለዚያች ልጅም ንገሪያት።

እርግጡን የሚነግርሽ ጤና ጣቢያ ነው፣ ምክንያቱም እግር በልብም በኩላሊትም ችግር ያብጣል። የጻፍሽው ግን ደጋው ጎጃም ላይ በጣም የታወቀውን በሽታ ይመስላል። ዝሆኔ እንለዋለን፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ቆላ ላይ በትንኝ ከሚመጣው የዝሆኔ ዓይነት የተለየ ነው። መነሻው አፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ ደቃቅ የአፈሩ ቅንጣቶች በቆዳ ይገባሉ፣ ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ያቆጣሉ፣ ቱቦዎቹ ሲዘጉ እግር ከታች ጀምሮ ያብጣል። ዝናብ የሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ ይብሳል። «በዘራቸው ነው» የሚሉት ከየት እንደመጣ አያለሁ፤ አንዳንድ ቤተሰብ ለአፈሩ ይበልጥ ተጋላጭ ነው። ግን ያው ቤተሰብ ከልጅነቱ ጫማ ካደረገ በሽታው አይዘውም። እርግማን አይደለም፣ የሚያፍር ሰውም መኖር የለበትም። ልጆች ስትወልጂ ጫማ አድርጊላቸው፣ አበቃ።

ይድናል ወይ ላልሽው፦ ሁለት ዓመት ገና መጀመሪያው ነው፣ በጊዜ ከተያዘ እብጠቱ በጣም ይቀንሳል። ሥራው ግን የየቀን ነው። እግርሽን በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ እጠቢ። ከዚያ ጤና ጣቢያው በሚነግርሽ መጠን ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውኃ ለሩብ ሰዓት ያህል ዘፍዝፊው፤ መጠኑን በግምት አታድርጊው፣ ቆዳ ያቃጥላል። በጣቶችሽ መካከል ሳይቀር አድርቂው፣ ቫዝሊን ቀቢው። ሽታው የሚመጣው በተሰነጠቀው ቆዳ ውስጥ ከሚገቡ ጀርሞች ነው፣ በአግባቡ ከታጠበ ይጠፋል። ማታ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ፣ ቁጭ ስትዪ ቁርጭምጭሚትሽን አንቀሳቅሺ። ካልሲና ሽፍን ጫማ አድርጊ። በረባሶና ኮንጎ አፈር ያስገባሉ፣ አይበቁም። ቤታችሁ የአፈር ወለል ከሆነ ቤት ውስጥም ጫማ አታውልቂ። ድንገት እግርሽ ግሎ፣ ቀልቶ ትኩሳት ከያዘሽ ቤት አትቆዪ፣ ሕክምና ይፈልጋል። ጠበሉን ቀጥዪ፣ ከዚህ ጋር አይጣላም። እናትሽንና አጎትሽንም አብረሽ ጀምሪያቸው፤ የቆየ ቢሆንም ይቀላቸዋል።

ትምህርቱን ግን እግርሽ እስኪሻለው አትጠብቂ። ከአባትሽ ወይም ከሌላ ትልቅ ሰው ጋር ሆነሽ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሂጂ፣ የሳይንስ መምህሩ ክፍሉ ፊት ስለ በሽታው እንዲያስረዳ ጠይቂ። አንድ መምህር ቆሞ «አይተላለፍም» ሲል ወንበሩ ይመለሳል። ስለ ጋብቻ አሁን አልመልስልሽም፣ የሚያገባሽ ስለማይኖር አይደለም፤ ዝሆኔ ያለባቸው አግብተው ወልደው የሚኖሩ እናንተው ቀበሌ ውስጥ አሉ። 12ኛ ክፍልን ከጨረስሽ በኋላ ሰፊ ምርጫ ይዘሽ እንድታስቢበት ስለምፈልግ ነው።

ጥያቄ፦ ከዳንግላ አካባቢ

ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፣ አይሰማም፣ አይናገርም። ሰፈር «ደንቆሮው» ነው የሚሉት። ሲያድግ ይሻለው ይሆናል ብዬ ቤት ይዤዋለሁ። ትምህርት ቤት ብልከው ይበድሉብኛል ብዬ ፈራሁ። ምን ላድርግ?

መልስ

እናቴ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል፣ ግን አይጠብቁ። መጀመሪያ ጆሮውን ሆስፒታል ያስዩት፤ ከጆሮው መግል ይወጣ የነበረ ከሆነ ወይም ጥቂት የሚሰማ ከሆነ የሚረዳው ነገር ሊኖር ይችላል። ጨርሶ የማይሰማ ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልገው ቋንቋ ነው፣ የምልክት ቋንቋ። ሕፃን ቋንቋ የሚይዝበት ዕድሜ ይኼ ነው፤ ካለፈ በኋላ ይከብዳል። ምልክት ከለመደ አያወራም ብለው የሚነግርዎ ካለ አይስሙት። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት ነው፣ ተምረውት መምህር የሆኑም አሉ። እርስዎና ወንድም እኅቶቹም አብረውት ይማሩ፣ አለዚያ ትምህርት ቤት አውርቶ ቤት ሲገባ ዝም ይላል።

ሰፈሩን በስሙ እንዲጠራው ያድርጉ። «ደንቆሮው» ያለውን ሁሉ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ እዚያው ያርሙት፣ አይፈሩ። ከዚያ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያውን ይጠይቁ፣ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ክፍል ያለው ትምህርት ቤት የትኛው እንደሆነ እሱ ያውቃል። ምዝገባው ክረምቱ ሳይወጣ ስለሚጀመር እስከ መስከረም አይቆዩ።